ዳቦው ቀድሞ ተበላ፦ የፍቅርና የምትሐት ተከታታይ ልብወለድ መጨረሻው ለምን ይከብዳል?

ልጆች ሆነን ጎጃም ውስጥ ተረት የሚያወራልን ሰው ደመወዝ ነበረው። ደመወዙ ዳቦ ነው። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይጨርሳል። ዳቦው የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ እንደሆነ ልብ በሉልኝ። ጅቡ ገደል ሳይገባ፣ ጦጣዋ ሳታመልጥ፣ ክፉዋ የእንጀራ እናት የእጇን ሳታገኝ ዳቦ የለም። አያቴ አንዳንዴ እያወራች እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። በማግስቱ ማታ ካቆመችበት ሳትቀጥል አዲስ ተረት መጀመር አይፈቀድላትም። የማንፈቅድላት እኛ ነበርን።

የዛሬዎቹ ተከታታይ ልብወለዶች ዳቦውን ቀድመው ይበላሉ። ክፍል አንድን ታነባለህ። ልጅቷ ምትሐት እንዳላት ታውቃለች። ከጠላት ወገን የሆነ ልጅ ትወዳለች። ጦርነቱ ሊፈነዳ ሲል መጽሐፉ ያልቃል። ክፍል ሁለት በዓመቱ ይመጣል። ክፍል ሦስት ደግሞ ደራሲው እንደተመቸው። በየክፍሉ ትከፍላለህ፣ ተረቱ ግን ገና አልተመለሰም። ስለዚህ የመጨረሻው ጥራዝ ሲወጣ አንባቢው እንደ ተራ መጽሐፍ አያነበውም። እንደ አበዳሪ ነው የሚመጣው። ሒሳብ ሊተሳሰብ።

ይህን ሁሉ የሚያስወራኝ የእህቴ ልጅ ናት። ፍኖተ ሰላም ነው የምትኖረው፣ 17 ዓመቷ ነው። ባለፈው እነሱ ቤት ቡና እየጠጣን ስልኳን ፍራሹ ላይ ወረወረችና «ጋሼ፣ ተበላሁ!» አለችኝ። እኔ የሞባይል ብር የተጭበረበረች መስሎኝ ደንግጬ ተነሣሁ። ለካ የሦስት ጥራዝ ልብወለድ የመጨረሻውን ክፍል ጨርሳ ነው።

እናቷ ሳቀች። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ልጅቷ በቀላሉ የምታማርር አይደለችም። ምን ነበር የጠበቀችው? ምን ነው የተሰጣት? ከዚያ ወዲህ እሷ ያነበበቻቸውን አንድ በአንድ እየተቀበልኩ አነበብኩ። ሰው በዚህ ዕድሜው የጠንቋይ ልጃገረዶችን ፍቅር ሲያነብ ቢታይ ያስቃል። ምንም አይደል፣ ሳቁ።

መጀመሪያ ስለ ዘርፉ ትንሽ። ፈረንጆቹ አሁን «ሮማንታሲ» ይሉታል። ሮማንስና ፋንታሲ ተጋብተው የወለዱት ስም ነው። የዓለም የመጽሐፍ ገበያን ከሚያንቀሳቅሱት አንዱ ሆኗል። በፈረንጆቹ ጥር 2025 የወጣ አንድ የዚህ ዘርፍ መጽሐፍ፣ የተከታታዩ ሦስተኛ ክፍል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 2.7 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል። እሱ ለአዋቂ የተጻፈ ነው። የሽፋኑ ጌጥ ግን ከወጣቶቹ መጽሐፍ አይለይም። ወላጆች ይህን ልብ ብትሉት ጥሩ ነው። ዘንዶና አበባ የተሳለበት ሁሉ የልጅ መጽሐፍ አይደለም።

እነዚህ መጻሕፍት ጎጃም የሚደርሱት በመጽሐፍ መደብር በኩል አይደለም። በቴሌግራም ነው፣ በፒዲኤፍ። ሕጋዊ አለመሆኑን አውቃለሁ። ግን ፍኖተ ሰላም ላይ የሚሸጥ ሱቅ አሳዩኝና ልግዛላት። በ2015 ክረምት ክልሉ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቴሌግራሙም ቀረ። ልጆቹ ስልክ ለስልክ በዜንደር መቀባበል ጀመሩ። አንዷ ጋ ክፍል አንድ አለ። ሌላዋ ጋ ክፍል ሁለት። ክፍል ሦስት ማንም ጋ የለም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ አንድ ልጅ ቤቷ ቁጭ ብላ «ከዚያስ ምን ሆነች?» እያለች ወራት ትቆጥራለች። እኔ ነኝ በኋላ ከባሕር ዳር በፍላሽ ጭኜ የወሰድኩላት። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ ሳልፍ ኪሴን እየዳበስኩ ነበር። ወርቅ የያዝኩ ይመስል።

ተበላሁ ያለችበት መጽሐፍ የቶሚ አዴዬሚ ነው። ወላጆቿ ናይጄሪያውያን የሆኑ፣ አሜሪካ የተወለደች ደራሲ ናት። የመጀመሪያውን ክፍል «የደምና የአጥንት ልጆች» ልንለው እንችላለን። በፈረንጆቹ 2018 ወጣ። ኦሪሻ በሚባል መንግሥት ውስጥ ምትሐት በአንድ ሌሊት ይጠፋል፤ ንጉሡ ባለምትሐቶቹን ያስጨርሳል። ዜሊ የምትባለው ልጅ እናቷ ከተገደሉት አንዷ ናት። ዜሊ ምትሐቱን ልትመልስ ትነሣለች። የንጉሡ ልጅ ኢናን ያሳድዳታል። ሲያሳድዳት ይዋደዳሉ።

የእህቴ ልጅ ይህን መጽሐፍ የወደደችው ስሞቹ የፈረንጅ ስላልሆኑ ብቻ አይደለም። የእናት ደም ያለበት ቤት ልጅ መውደድ ምን ማለት እንደሆነ ስለገባት ነው። ጎጃም ውስጥ ደም የተቃባ ወገን በሽማግሌ ሲታረቅ፣ አንዳንዴም ልጅ ሰጥቶ ልጅ ተቀብሎ ደሙን ሲያደርቅ ሰምታ አድጋለች። ፈረንጆቹ «ጠላቶች ፍቅረኛ ሲሆኑ» ብለው እንደ አንድ የሽያጭ መለያ ይለጥፉታል። እኛ ዘንድ ግን ጉባኤ ያለው፣ ካሣ ያለው፣ መሐላ ያለው ነገር ነው። «ጋሼ፣ እዚህ አገር ሽማግሌ የሚባል የለም እንዴ?» ብላኛለች ክፍል አንድን ስትጨርስ። ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። የዘርፉን ትልቁን ችግር የሚነካ ነው።

ሁለተኛው ክፍል በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2019 ወጣ። ሲያልቅ ጀግናዋ መርከብ ላይ ታስራ ትነቃለች። እዚያ ላይ ተቋረጠ። ሦስተኛውና የመጨረሻው የወጣው በሰኔ 2024 ነው። አራት ዓመት ተኩል! በ15 ዓመቷ ክፍል አንድን የጀመረች አንባቢ ክፍል ሦስት ሲደርስ 21 ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ትችላለች። ልትወልድም ትችላለች። ዜሊ ግን አሁንም መርከቡ ላይ ናት።

ከዚህ ሁሉ ጥበቃ በኋላ የመጨረሻው ጥራዝ ምን አደረገ? ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጠላት አስገባ። አዲስ ንጉሥ፣ አዲስ ጦር። መጽሐፉም ከመጀመሪያው ይልቅ ቀጭን ነው። ሁለት ሙሉ ጥራዝ የኦሪሻ ሰዎች እርስ በርስ ሲጨራረሱ አንብበናል። ማን ማንን ይቅር ይላል? የእናቷን ደም ምን ይክሰዋል? ዙፋኑስ? እነዚህ ናቸው የቆዩት ዕዳዎች። አዲሱ ጠላት ሲመጣ የድሮዎቹ ጠላቶች በአንድ ወገን ተሰለፉ። የውጭ ወራሪ መጣና የቤቱ ጸብ ተረሳ። ይህ በታሪክ የማይሆን ነገር አይደለም፣ እኛም እናውቀዋለን። ግን ጸቡ ተረሳ እንጂ አልታረቀም። የእህቴ ልጅ ያበሳጫት ይኸው ነው። «ሽማግሌው ሳይቀመጥ ጠላት መጣ ብለው አስነሡት» አለችኝ።

እኔ መጽሐፉን እሷ እንዳለችው ከንቱ ነው አልልም። ባሪያ ፈንጋይ መርከብ በአፍሪካውያን ምትሐት ሲሰበር ማንበብ ደስ ይላል። ዳቦው የተከፈለበት ጉዳይ ግን ያ አልነበረም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የፍቅርና የምትሐት ተከታታይ ልብወለድ ውስጥ ሁለት ታሪክ አብሮ ይሄዳል። አንደኛው የፍቅሩ ነው፤ አንባቢው እንዲገናኙ፣ እንዲጋቡ፣ እንዲኖሩ ይፈልጋል። ሁለተኛው የጦርነቱ ነው። ጦርነት ደግሞ ማንም ሳይሞት ካለቀ ጦርነት አልነበረም ማለት ነው። እስከ መጨረሻው ጥራዝ ድረስ ሁለቱ ተደጋግፈው ይሄዳሉ። ጦርነቱ ፍቅሩን ያጋግለዋል፣ ፍቅሩ ጦርነቱን ያስወድደዋል። የመጨረሻው ጥራዝ ላይ ግን ይጣላሉ። ሁለቱን ካስደሰትክ ጦርነቱ ውሸት ይሆናል። አንዷን ከገደልክ የፍቅር አንባቢው በር ይዘጋብሃል። አብዛኞቹ ደራሲዎች የአንዱን ዕዳ በሌላው ገንዘብ ለመክፈል ይሞክራሉ። እዚያ ላይ ነው የሚሰናከሉት።

ሁለት ምሳሌ ላንሣ። የመጀመሪያው የ«ትዋይላይት»፣ የአንዲት ልጃገረድና የአንድ ደም ጠጪ ፍቅር ተከታታይ፣ አራተኛና የመጨረሻ ጥራዝ ነው። በፈረንጆቹ ነሐሴ 2 ቀን 2008 ወጣ፣ በመጀመሪያው ቀን አሜሪካ ውስጥ ብቻ 1.3 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። መጨረሻው ላይ ደም ጠጪዎቹ ሁለት ወገን ሆነው በረዶ ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ። ከመላው ዓለም ወዳጅ ተጠርቷል። አሁን ተፋፋሙ ስትል ይነጋገራሉ። ምስክር ይሰማል። ከዚያ ይበተናሉ። ብዙ ፈረንጅ አንባቢ ተናዷል። ፊልሙን የሠሩት ሰዎችም ጭንቅ ቢላቸው ያልተደረገውን ውጊያ በራእይ አስመስለው ጨመሩበት። የእህቴ ልጅ ግን ይህን ክፍል ወደደችው! «በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ያለበት መጽሐፍ አገኘሁ» ነው ያለችው። እኔም ሳስበው ውጊያው መቅረቱ አይደለም ጥፋቱ። ጥፋቱ ማንም ምንም አለመክፈሉ ነው። እኛ ዘንድ ዕርቅ ነጻ አይደለም። ካሣ አለ። ከብት ይነዳል፣ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ መውደቅ አለ። እዚያ ግን ልጅቷ ባል አገኘች፣ ልጅ አገኘች፣ ዘላለማዊነት አገኘች፣ ውበትም ተጨመረላት። ሒሳቡን ማን ዘጋው?

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ያቺ ጀግና የምታገባው በ18 ዓመቷ ነው። ለአሜሪካ አንባቢ ይህ «ቸኮለች አልቸኮለችም» የሚል ክርክር ነው። ጎጃም ላይ ትርጉሙ ሌላ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ነበር። በ1992 የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 ከፍ አደረገው። ሕጉ ከፍ አለ፣ ልማዱ ግን በየገጠሩ ገና እየተከራከረ ነው። ያለዕድሜ ጋብቻ ሲነሣ የጎጃም ስም አይቀርም። ስለዚህ የመጨረሻው ጥራዝ በሠርግ ሲያልቅ፣ ያ ሠርግ ለሁሉም አንባቢ አንድ አይደለም። የእህቴ ልጅ ክፍል ውስጥ ሠርግ ማለት አንዲት ልጅ ከመጋቢት ጀምሮ ወንበሯ ባዶ ሆኖ መቅረት ነው። እዚያ መጨረሻ የሆነው እዚህ መቋረጥ ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል እሷና ጓደኞቿ በመጽሐፍ ውስጥ ካለው ሠርግ ይልቅ ጀግናዋ ራሷ የመረጠችበትን ገጽ አስምረው የሚቀባበሉት። አንድ ገጽ ፎቶ አንስተው ልከውልኝ አይቻለሁ። ሠርጉ አልነበረም። ልጅቷ «አይሆንም» ያለችበት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የቬሮኒካ ሮዝ «ዳይቨርጀንት» ነው። ምትሐት የለበትም፣ የወደፊት ዓለም ታሪክ ነው። አንባቢው ግን ያው ነው። ሦስተኛው ጥራዝ በፈረንጆቹ ጥቅምት 22 ቀን 2013 ወጣ። ጀግናዋ ትሪስ ትሞታለች። አልቆሰለችም፣ አልተሰወረችም፣ ሞተች። የአንባቢው ጩኸት እስከ ዛሬ አልበረደም። ለወንድሟ ስትል የሞት መንገድ ውስጥ ገብታ ነው የቀረችው፣ ፍቅረኛዋ ብቻውን ቀረ።

እኔና የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ አንስማማም። እሷ ክህደት ነው ትላለች። እኔ ግን ወደ ክፍል አንድ ተመልሼ አየሁት። ትሪስ የተወለደችው ራስን መካድን እንደ ሃይማኖት ከያዘ ወገን ነው። እናቷም አባቷም እዚያው የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ለእሷ ሲሉ ይሞታሉ። ዋጋው ከመጀመሪያው ተለጥፎ ነበር። ሌላም ፍንጭ አለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥራዞች የምትተርከው እሷ ብቻ ናት። ሦስተኛው ላይ ድንገት ፍቅረኛዋም ተራኪ ሆነ። ለምን ሁለተኛ ተራኪ አስፈለገ? እሷ ከሞተች ቀሪውን የሚያወራ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። ነቃ ያለ አንባቢ ገጽ አንድ ላይ ይጠረጥራል። «አንተ መርማሪ ነህ እንጂ አንባቢ አይደለህም» አለችኝ። ይሁን።

እውነት ለመናገር እኔ በሌላ ነገር ነው ያደግሁት። ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማ እንደነበር እናቴ ደጋግማ ታወራለች። ሐዲስ አለማየሁ የጎጃም ሰው ናቸው፣ ታሪኩም የሚጀምረው እዚሁ ማንኩሳ ነው። መጽሐፉ በ1958 ወጣ። ርዕሱን እዩት። መጨረሻው ሽፋኑ ላይ ተጽፏል! ፍቅር አለ፣ መቃብር አለ። ደራሲው አንባቢውን አልደበቁትም። በዛብህ ደግሞ የብጽዓት ልጅ ነው። ገና ሳያውቅ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። ሰብለን ከማየቱ በፊት ዋጋው ተቆርጧል። ስለዚህ አገሩ በሙሉ አለቀሰ፣ «ተበላሁ» ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። ሐዘኑ ሌላ፣ መታለል ሌላ።

የመጨረሻ ጥራዝን የምመዝንበት ሚዛን ከዚህ የመጣ ነው። መኖር መሞታቸው አይደለም የሚያሳስበኝ። ዋጋው መቼ ነው የተነገረው? ማንስ ከፈለው?

ምትሐቱም በዚሁ ሚዛን ነው የሚታየው። ብራንደን ሳንደርሰን የሚባል አሜሪካዊ የዘርፉ ደራሲ አንድ የታወቀ ደንብ አለው። ደራሲ ችግርን በምትሐት መፍታት የሚችለው አንባቢው ያን ምትሐት በተረዳው ልክ ነው ይላል። መጨረሻው ጥራዝ ላይ ልጅቷ እስከዛሬ ያልነበራት ኃይል ከእጇ ፈንድቶ ሠራዊቱን ሁሉ ካጠፋ፣ ያ ምትሐት አይደለም፣ የደራሲው መላ ማጣት ነው። ጎጃም ላይ ይህን ለማስረዳት ሳንደርሰን አያስፈልግም። እዚህ ድግምት ሲወራ ምን ይባላል? አስማት መድገም የጀመረ ሰው መሐል ላይ ካቋረጠ ያብዳል ይባላል። መስተፋቅር ያሠራ ሰው ፍቅሩ የጊዜ ነው፣ በኋላ ይከፍላል ይባላል። መስተፋቅር ካለ መስተጻልዕም አለ፤ አንዱ ሲያፋቅር ሌላው ያጣላል። እመን አትመን፣ እዚህ በነጻ የሚሠራ ምትሐት የለም። ደብተራውም ዋጋ አለው፣ ድግምቱም ዋጋ አለው። በዚህ ወሬ ያደገች ልጅ በነጻ የሚፈነዳ ኃይል ስታነብ ፊቷን ብታጨማድድ አይገርምም።

ይህን በደንብ የተወጣ የመጨረሻ ጥራዝ አለ ወይ? አለ። ሳራ ጄ ማስ «የመስታወት ዙፋን» የምንለውን ተከታታይ መጻፍ የጀመረችው በ16 ዓመቷ ነው። በመጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ነበር የምትለጥፈው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በፈረንጆቹ 2012 ታተመ፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው በጥቅምት 2018። የመጨረሻው ወደ 1000 ገጽ ይጠጋል። እኔ በስልክ አንብቤ ዓይኔ ጠፍቶ ነበር። ሲበዛ ረጅም ነው። መሐል ላይ 200 ገጽ ቢቆረጥ የሚናፍቀው የለም። ግን ዋጋው ይከፈላል። ጀግናዋ የእሳት ንግሥት ናት። ስንት ጥራዝ እሳቷን ስናደንቅ ነው የከረምነው። ዓለሙን ለማዳን ያንን እሳት ትሰጣለች። ጥቂት ፍም ብቻ ይቀርላታል። ከባሏ ጋር ትነግሣለች፣ ትኖራለች። የድሮዋ ሴት ግን አይደለችም። ከጎኗ ደግሞ አሥራ ሦስት ሆነው የሚበሩ ጠንቋዮች አሉ። ከመሪያቸው በቀር አሥራ ሁለቱ ራሳቸውን ሠውተው ያልቃሉ። የእህቴ ልጅ ያንን ገጽ አንብባ ሦስት ቀን አኩርፋ ነበር። ማኩረፏ ግን የለቅሶ ነው። ፍቅሩ የፍቅሩን አገኘ፣ ጦርነቱም የጦርነቱን ወሰደ።

ሌላው የመጨረሻውን ጥራዝ የሚያበላሸው ገበያው ነው። አንድ ዘመን ላይ የመጨረሻውን መጽሐፍ ለሁለት ከፍሎ ፊልም መሥራት ፋሽን ሆኖ ነበር። የሃሪ ፖተር በፈረንጆቹ 2010 እና 2011፣ የትዋይላይት በ2011 እና በ2012፣ የሀንገር ጌምስ በ2014 እና በ2015። አንዱ ዳቦ ለሁለት ተቆርሶ ሁለቴ ተሸጠ። ዳይቨርጀንቶችም ይህንኑ አሰቡ። በፈረንጆቹ 2016 የመጨረሻውን መጽሐፍ ግማሽ ፊልም አወጡ። ገቢው አላረካቸውም። ቀሪው ግማሽ ተሠርቶ አልወጣም። መጽሐፉን ያላነበበ ተመልካች ትሪስ እስከ ዛሬ በሕይወት አለች ብሎ ነው የሚያስበው! የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት ደስ አላት። «እኔ ፊልሙን ነው የማምነው» አለች።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ነገር ያሳፍረኛል። የሰው አገር ተከታታይ መጨረሻው አላማረም ብለን እናማርራለን። በአማርኛስ? ለወጣት የተጻፈ፣ ፍቅርም ምትሐትም ያለበት፣ ጀምሮ የጨረሰ ተከታታይ ስጡኝ ብትለኝ እጄ ላይ አይሞላም። አንባቢ ጠፍቶ አይደለም። ይስማዕከ ወርቁ የጣናን ገዳማት ከምሥጢርና ከሳይንስ ጋር ቀላቅሎ «ዴርቶጋዳ»ን ሲያወጣ ወጣቱ ተሻምቶ አንብቦታል። ተከታዩን «ራማቶሐራ»ንም አሳድዶ ገዝቷል። ሰው ቀጣይ ክፍል ይፈልጋል። ቁሳቁሱም ሞልቷል። ግሽ ዓባይ አለ፣ ጢስ ዓባይ አለ፣ ጮቄ አለ፣ የጣና ደሴቶች አሉ። የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ በየደብሩ ሲዞር የሚያየው ጉድ ብቻ ሰባት ጥራዝ ይወጣዋል።

የጎደለው ማሳተሚያው ነው። እዚህ ብዙ ጊዜ ደራሲው ራሱ ነው የሚያሳትመው። ከዘመድ ይበደራል፣ ማተሚያ ቤት ይከፍላል፣ መጽሐፉን ለአከፋፋይ በኮሚሽን ያስረክባል። የክፍል አንድ ገንዘብ ካልተመለሰ ክፍል ሁለት የለም። ወረቀቱ ደግሞ በዶላር የሚገባ ነው። በእኛው ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። በክፍል አንድ ሒሳብ ክፍል ሦስትን ያቀደ ደራሲ ምን ይሁን? አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ መምህር ነው። ሦስት ክፍል አድርጎ ነው የጻፈው። ሁለተኛውን ለማሳተም ሲሄድ የተነገረውን ዋጋ ሰምቶ ረቂቁን ይዞ ተመለሰ። ሦስተኛው ደብተር ላይ በእጁ እንደተጻፈ አለ። እኔ አንብቤዋለሁ። መጨረሻው ያምራል። እኔና ሚስቱ ብቻ ነን የምናውቀው።

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር አስፋልት ዳር መጽሐፍ የሚያዞር ልጅ ጋ ቆምኩ። የዚያን መምህር ክፍል አንድ ከታች ተደርድሮ አየሁት። ሽፋኑ ፀሐይ በልቶታል። ነገሩን እያወቅሁት ዝም ብዬ ጠየቅሁት።

«ክፍል ሁለት አለህ?»

«የለም ጋሼ።»

«ክፍል ሦስትስ?»

ልጁ አየኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ሁለቱ ሳይኖር?» አለኝ። ከዚያ ክፍል አንድን አንሥቶ አቧራውን በክንዱ ጠረገና «ይችን ግን በቅናሽ ልስጥህ፣ ብዙ ሰው ወስዷታል» አለ።